«የአባታችንን ኮት ቀዶ ቀሚስ ሰፋበት»

ደብዳቤው ረጅም ስለነበር አሳጥሬዋለሁ፤ ስምና ቦታም አውጥቻለሁ።

«ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። አባታችን ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ከዚያ በኋላ ልጁ ከክፍሉ መውጣት አቆመ። ትምህርቱን ተወ፣ ስልክ አያነሳም፣ ስናናግረው ግድግዳ ያያል። አንድ ዓመት ገደማ እንዲህ ሆነ። በኋላ አንድ ጓደኛው ልብስ የሚያስተካክልላቸው ሰው ይፈልጋሉ ብሎ ወደ ድራግ ትርኢት፣ ወንዶች ሴት ሆነው ወደሚጫወቱበት፣ ወሰደው። አባታችን ልብስ ሰፊ ነበር፣ እሱም ሙያውን ከአባታችን ተምሯል። መጀመሪያ የሰው ቀሚስ ያሳጥር ነበር፤ አሁን ራሱ ዊግ አድርጎ፣ ተኳኩሎ መድረክ ላይ ይወጣል። ሰው ሆኗል፣ አልዋሽም። ይስቃል። ግን ሁለት ነገር አልዋጥ አለኝ። እዚያ ሃምሳ ዓመት ያለፈው አንድ ሰውዬ አለ፣ ‹እማ› ነው የሚለው። እናታችን እኮ በሕይወት አለች! ሁለተኛው የአባታችን ኮት ነው። አልፎ አልፎ ቁም ሳጥኑን እየከፈትኩ አሸተው ነበር። ሰሞኑን ብከፍት የለም። ለካ ቀዶ ቀሚስ ሰፍቶበታል። አሁን ደግሞ በሚቀጥለው ወር ትርኢት አለኝ፣ ነይ ብሎኛል። ይሄ ነገር እያዳነው ነው ወይስ ከሐዘኑ እየተደበቀበት? ልሂድ ወይስ ልቅር? — ታላቅ እህቱ»

እህቴ፣ ከኮቱ ልጀምር። በጣም የቆረጠሽ እሱ እንደሆነ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። ደግሞም ልክ ነሽ። አባት የሁለታችሁ ነበር፣ ኮቱም የሁለታችሁ ነው፤ መቀስ ከማንሳቱ በፊት ሊጠይቅሽ ይገባ ነበር። ይህን ስትነግሪው አትለሳለሺለት። «ድራግ ስለሆነ ነው የከፋት» ብሎ እንዳያልፈው ግን ለይተሽ ንገሪው። ጥፋቱ ሳይጠይቅ መቁረጡ ነው። ኮቱን ሱሪ አድርጎ ቢሰፋውም ያው ትቆጪ ነበር አይደል? እንዲያ ከሆነ እንዲያ በይው።

ግን ደግሞ አንድ ነገር አስቢ። ያ ኮት ሦስት ዓመት ተሰቅሎ ነበር። አንቺ እየከፈትሽ ታሸቺዋለሽ፣ ይሄ ያንቺ ሐዘን ነው። እሱ ደግሞ መልበስ አማረው። እንዳለ እንዳይለብሰው የአባቱን ኮት ደርቦ የሚንከራተት ልጅ ይመስላል፣ ትከሻውም አይመጣለትም። ስለዚህ ስፌቱን ፈታ፣ በራሱ ልክ ቆረጠው፣ መብራት ስር ይዞት ወጣ። ልብስ ሰፊ ያሳደገው ልብስ ሰፊ ሐዘኑን በምን ይናገር? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ያ ልጅ ግድግዳ ማየቱን ትቶ ስለ አባቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራው በዚያ ቀሚስ ነው። ቀሚሱን እስካሁን በደንብ አላየሽውም፤ ስትጽፊልኝም እንደተቀደደ እንጂ ምን እንደሚመስል አልነገርሽኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ።

ድራግ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልበል። የሴትን ወይም የወንድን መልክ አጋንኖ፣ አስውቦ፣ አንዳንዴም ቀልዶበት መድረክ ላይ መጫወት ነው። እንደ ሴት የሚጫወተው ድራግ ኩዊን፣ እንደ ወንድ የሚጫወተው ድራግ ኪንግ ይባላል፤ ድንበሩ ግን እንደ ስሙ የጠበቀ አይደለም። መድረክ ላይ ወንድ ሴት ሆኖ መጫወቱ ራሱ የትናንት ነገር አይደለም። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶች ካቡኪ እንዳይጫወቱ ሲከለከሉ ቦታቸውን ወንዶች ያዙት፤ በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝም የሴቱን ሚና የሚይዙት ጎረምሶች ነበሩ። እና እህቴ፣ ወንድምሽ ድራግ መሥራቱ ማንን እንደሚወድ ወይም ራሱን ምን ብሎ እንደሚያይ አይነግርሽም። ብዙዎቹ ድራግ ሠሪዎች ግብረ ሰዶማውያን ወይም ትራንስ (ሲወለዱ ከተባሉት ፆታ ሌላ ነን የሚሉ) ናቸው፤ ያልሆኑም አሉ። ስለዚህ ጉዳይ አንቺም አልጠየቅሽኝም፣ እኔም አልገምትም። መናገር ሲፈልግ እሱ ይነግርሻል።

አንድ ጊዜ ከመድረክ ጀርባ የመቀመጥ ዕድል ገጥሞኝ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ ድራግ ኪንግ ናት፤ ቦርሳዋን እንድይዝላት ብቻ ነበር የሄድኩት። ጠባብ ክፍል ነው። ስድስት ሰው፣ አንድ መስታወት፣ መሬቱ ላይ ቦታ የለም፤ ዊግ ነው፣ ታኮ ጫማ ነው፣ ዳሌ እንዲመስል ተጠርቦ የተቆረጠ ስፖንጅ ነው። አንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊወጣ ነበር፣ ሃያ ዓመት አይሞላውም። ቅንድቡን ለመሸፈን ተማሪ ቤት ወረቀት የምንለጥፍበትን ያንን እንደ ሊፕስቲክ የሚሽከረከር ማጣበቂያ ይቀባል። መቀባት፣ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ እንደገና መቀባት፣ ከዚያ ፓውደር። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ማጣበቂያው ዓይኑ ውስጥ ገባ። አጠገቡ ያለው ትልቅ ሰው፣ ግማሽ ፊቱ የተኳለ ግማሹ ገና የሆነ፣ ምንም ሳይል ማጣበቂያውን ከእጁ ወሰደ። አገጩን ያዝ አድርጎ «ወደ ላይ እይ» አለው። የራሱን ፊት ትቶ የልጁን ፊት አርባ ደቂቃ ሠራ። መሃል ላይ ምን አለው መሰለሽ? «ለእናትህ ደወልክ?»

ልጁ አልደወልኩም አለ። «ከትርኢቱ በኋላ ትደውላለህ» አለውና ሌላኛውን ቅንድብ ያዘ።

ይህን የምነግርሽ ለሁለት ነገር ነው፤ ወደ «እማ» ጉዳይ ስመጣ አንዱን ታይዋለሽ። ሌላው ይኸውልሽ። ድራግ ብቻውን የሚሠራ ሰው የለም ብል ማጋነን አይሆንም። ፊትሽን ምናልባት ብቻሽን ትኳያለሽ። ወገብ የሚያጠብቀው ኮርሴት ግን ከኋላ የሚስብልሽ ሰው ይፈልጋል። የጀርባ ዚፕ ሦስት ስቶኪንግና አንድ ስፖንጅ ላይ ብቻሽን አትዘጊውም። ዊጉ ከኋላ መላቀቁን የምታውቂው ሌላ ሰው ሲያይልሽ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ማንም እንዲነካው ያልፈለገ ልጅ በየሳምንቱ «እባክህ ዝጋልኝ» ማለት ያለበት ቦታ ገባ። እሱም ደግሞ ለሌላው ይዘጋል፣ ያሳጥራል፣ የተቀደደውን በጥድፊያ ይሰፋል። ያዳነው ጭብጨባው ነው ብለሽ ካሰብሽ አይመስለኝም። ጭብጨባ አምስት ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ሦስት ሰዓታት ናቸው የሠሩት።

መድረኩም የራሱ ሥራ አለው፣ አልክድም። ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ሊፕ ሲንክ ነው፤ ዘፈኑ ይከፈታል፣ ተጫዋቹ ድምፅ ሳያወጣ ከንፈሩንና ሰውነቱን ይዞ ይከተላል። ቀላል ይመስላል። አንድ ነገር ልብ በይ ግን፣ ወንድምሽ ለአንድ ዓመት ቃል አልወጣው ብሎ የኖረ ልጅ ነው። የሌላ ሰው ድምፅ ተውሶ፣ የሌላ ሰው ስም ይዞ፣ ፊቱ ላይ ሌላ ፊት ስሎ፣ ልቅሶውን ሰው ፊት ማልቀስ ቻለ። ለገዛ ራሱ ሲሆን ያልቻለውን። «እየተደበቀበት ነው ወይ?» ብለሽኛል። አዎ፣ ትንሽ ይደበቅበታል። አንዳንድ ነገር ሳይደበቁ አይወጣም። ሰው በራሱ ስም የማይናገረውን በቀልድ፣ በተረት፣ «አንድ ጓደኛ ነበረኝ» ብሎ ይናገር የለ? እንደዚያ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ሲደበቅ ግን ለማንም አይታይም ነበር። አሁን የተደበቀው መብራት ስር ነው፣ ነይና እይኝ ብሎ ጠርቶሻል።

አሁን ወደ «እማ»።

ይህ ነገር ያማል፣ ይገባኛል። ቃሉ በአማርኛ ሲባል ደግሞ ይብሳል። ግን ወንድምሽ ከራሱ ያመጣው ቃል አይደለም፤ የሙያው ቃል ነው፣ ታሪኩም የሚያስገርም ነው። እዚያ ሰፈር ትልቁ ታናሹን አስተምሮ መድረክ ሲያወጣው «ድራግ እናት» ይባላል። ልጁ ብዙ ጊዜ የእናቲቱን የመድረክ ስም እንደ አባት ስም ይወርሳል። ብዙ ልጆች ሲሆኑ ደግሞ «ቤት» ይባላሉ፤ የእከሊት ቤት እንደምንለው።

ሥሩ ሩቅ ነው። ዊሊያም ዶርሲ ስዋን የሚባል ሜሪላንድ ውስጥ ባሪያ ሆኖ የተወለደ ሰው ነበር። ነፃ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ወንዶች የሐር ቀሚስ ለብሰው የሚጨፍሩባቸው ድግሶች በድብቅ ያዘጋጅ ነበር፤ ከመጡት ውስጥ እንደሱ ከባርነት የወጡ ነበሩ። በ1888 ፖሊስ ሰብሮ ሲገባ እነዚያ ሰዎች በመስኮት ሊዘሉ ይሞክራሉ፣ ስዋን ግን ቀሚሱን እንደለበሰ ፖሊሶቹን ተጋፈጠ። በ1896 አሥር ወር ሲፈረድበት ለፕሬዚዳንት ክሊቭላንድ የምሕረት ማመልከቻ አስገባ፣ ተከለከለ። ይህን ሰው እወደዋለሁ። በሕግ የሰው ንብረት ሆኖ የተወለደ ሰው ራሱን «ንግሥት» ብሎ ሰየመ!

ዛሬ የምናውቃቸው ቤቶች የመጡት ኒውዮርክ ውስጥ ነው። ክሪስታል ላቤዣ የምትባል ጥቁር ድራግ ኩዊን በ1967 በአንድ የቁንጅና ውድድር ላይ ዳኝነቱ ለነጮቹ ያደላል ብላ በቁጣ ጥላ ወጣች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከጓደኛዋ ከሎቲ ጋር የራሳቸውን ውድድር አዘጋጁና «የላቤዣ ቤት» ተባለ። ሌሎችም ተከተሉ። ቤት የሚለው ቃል ለብዙዎቹ ልጆች ዘይቤ ብቻ አልነበረም፣ ከወላጅ ቤት የተባረሩ ነበሩና። የቤቱ እናት ማስኳል ብቻ ሳይሆን ማሳደር፣ ማብላት፣ ስትታመም መጠየቅ ሥራዋ ሆነ። በዚያው ሰሞን፣ በ1970፣ ማርሻ ፒ ጆንሰንና ሲልቪያ ሪቬራ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እዚያው ኒውዮርክ ጎዳና ላይ ለሚያድሩ ልጆች መጠለያ ከፈቱ። መጀመሪያ የቆመ የጭነት መኪና ተሳቢ ውስጥ ነበር፣ ቀጥሎ አሮጌ ቤት ተከራዩ። ኪራዩን የሚከፍሉት እነሱ ራሳቸው ሌሊት ጎዳና ወጥተው ባገኙት ነው፣ ልጆቹ እንዳይወጡ። ራሳቸው ገና ወጣቶች ነበሩ፤ ሲልቪያ ያኔ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም።

ከዚያ ኤድስ መጣ። በ1980ዎቹ ብዙ ወላጆች ልጃቸውን ሆስፒታል ሄደው ለማየት እምቢ ባሉበት ጊዜ አልጋው አጠገብ ካደሩት ውስጥ እነዚህ «እናቶች» ነበሩ። በድራግ ትርኢትም ለታመሙት ገንዘብ ይዋጣ ነበር። ኒውዮርክ ያለ አንድ የኤድስ ድርጅትማ ምክሩን ለማድረስ ራሱ «የላቴክስ ቤት» ብሎ ቤት አቋቁሞ ወደ ውድድሩ ገባ። ላቴክስ ኮንዶም የሚሠራበት ነገር ነው። ሳቅ ባለበት ትምህርት ይገባል ብለው መሆኑ ነው፤ እውነታቸውን ነበር።

ሁሉም እናት ደግሞ ቀሚስ አይለብስም። ስቶርሜ ዴላርቬሪ የምትባል ሴት ከ1955 እስከ 1969 በሙሉ ሱፍ፣ በክራባት፣ ሴት ሆነው የሚጫወቱ ወንዶችን ትርኢት መድረክ ትመራ ነበር። ስታረጅ ምን ሠራች? በየማታው የኒውዮርክ መሸታ ቤቶች በር ላይ እየዞረች ወጣቶቹን ትጠብቅ ነበር፣ ሰማንያ ዓመት አልፏትም ጭምር። በጥበቃነት ተቀጥራም ሠርታለች፤ ግን ለደሞዝ ብቻ አልነበረም። ልጆቼ ናቸው ብላ ነው።

እንግዲህ ወንድምሽ «እማ» ሲል ይህን ሁሉ ነው የሚለው። እናታችሁን ከወንበሯ አላስነሳም። ያ ሰውዬ የተቀመጠበት ወንበር አባታችሁ ጥሎት የሄደው ይመስለኛል፤ ልጁ መርፌ ሲይዝ ከኋላ ቆሞ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» የሚለው ሰው ወንበር። ከመድረክ ጀርባ ያየሁትን አስታውሺ። ጥሩዋ ድራግ እናት «ለእናትህ ደወልክ?» የምትል ናት።

ጥሩዋ አልኩ፣ መጥፎም አለችና። ድራግ ቅዱስ ሥራ ነው ብዬ አላታልልሽም። ምሽት ነው፣ መጠጥ አለ፣ ዊግና ልብስ ገንዘብ ይበላል፣ በቤቶች መሃል ፉክክርና ሐሜት ሞልቷል። ልጆቻቸው የሸለሙትን እየወሰዱ የሚኖሩ «እናቶች» አሉ፤ «ቤተሰብህን ተው፣ እኛ እንበቃሃለን» የሚሉም አሉ። የሱ «እማ» እንዲህ ካለች ያኔ ጻፊልኝ፣ ሌላ ነገር እንነጋገራለን። ሌላም የምታይው አለ። ከትርኢት በኋላ ባሉት ቀናት እንዴት ነው? ማክሰኞ ጠዋት ያለ ሜካፕ ይስቃል? ወይስ ቅዳሜን እየጠበቀ የሚተኛ ሰው ሆኗል? ሳይጠጣ መውጣት አልቻለም? ተበድሯል? እነዚህን አይተሽ አንዱ ካሳሰበሽ፣ ወይም ድሮ ወደነበረበት ዝምታ እየተመለሰ ከመሰለሽ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ አብረሽው ሂጂ። ዊግ ሐኪም አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል፣ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

ስለዚህ ልሂድ ወይ ላልሽው፣ ሂጂ።

ስትሄጂ አንዳንድ ነገር ልንገርሽ። መድረክ ላይ ስሙ ሌላ ነው፣ እዚያ ያሉት ሁሉ «አንቺ» ነው የሚሉት። አማርኛችን ደግሞ ለታናሽ ወንድም መሸሻ የለውም፤ አንቱ ካላልሽው በቀር ስታናግሪው ግሡን ወንድ ወይም ሴት ማድረግ አለብሽ። አስቀድመሽ ጠይቂው፣ «እዚያ ምን ልበልህ?» በይው። ብዙዎች መድረክ ላይ አንቺ፣ ከወረዱ በኋላ አንተ መባል ይመርጣሉ፤ የሱን ግን እሱ ነው የሚያውቀው። አፍሽ ቢስት ይቅርታ ብለሽ ቀጥዪ፣ ድራማ አታድርጊው። ድራማውን እነሱ ይችሉበታል።

ፎቶ አንስተሽ ለማንም አትላኪ። ለእናትሽም፣ ለአክስትሽም፣ «እሷ እኮ አፏ ጥብቅ ነው» ለምትያት ጓደኛሽም። ወንድምሽ ለማን እንደሚናገር የመምረጥ መብቱ የሱ ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ጉዳዩ ከሐሜት አልፎ የደኅንነት ጉዳይ ነው። አንቺን መጥራቱ ሌላውን ሁሉ ጠራ ማለት አይደለም። እናታችሁ ትወቅ አትወቅ የሚለውን ከሱ ጋር ተነጋገሩበት፣ ከኔ ጋር ሳይሆን።

የኮቱን ነገር በትርኢቱ ቀን አታንሺ። ከዚያ በፊት በሆነ ቀን፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ አንሺው። ተቆጪ፤ ማልቀስም ከመጣ ይምጣ። ከዚያ የተረፈ ጨርቅ ካለ ጠይቂው። ልብስ ሰፊ ቁራጭ አይጥልም፣ የሆነ ቦታ ጠቅልሎ አስቀምጦታል። ከቁልፎቹ አንዱን ስጠኝ በይው። ያንቺ ነው።

የትርኢቱ ቀን ደግሞ ሰዓቱ ሳይደርስ ሂጂ፤ ከተመልካች ጋር ሳይሆን ከጀርባ ልግባ ብለሽ ለምኚው። ያቺን «እማ» እዚያ ታገኛታለሽ፣ ምናልባት ግማሽ ፊቷ ብቻ ተኩሎ። ሰላም በያት። ከዚያ ወንድምሽ ቀሚሱን ሲያጠልቅ ዚፑን አንቺ ዝጊለት። መርፌ ቁልፍም ይዘሽ ሂጂ፣ አንድ ሙሉ ፓኬት። እዚያ ጓዳ ሁሌም ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው።